ከቀብር መልስ

ልብ ወለዶቻችን ሴትን እስከ መቃብር አፋፍ መሸኘት ያውቁበታል። ሰብለ ወንጌልን እናስታውስ፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ውስጥ በዛብህ ከተቀበረ በኋላ ለእሷ የተረፋት ቆብና መቃብሩ ናቸው። ለዚያ ታሪክ ያ ፍጻሜ ይገባዋል፤ በዚህ አንጣላም። የሚያናድደን ከእሱ ወዲህ፣ ለዚህች መጽሔት የሚላከው አጭር ልብ ወለድ ሳይቀር፣ ባሏ የሞተባትን ወይም ጥሏት የሄደባትን ሴት ወይ ገደል መስደድ፣ ወይ ማሳበድ፣ ወይ ማመንኮስ መልመዱ ነው። ኧረ ለመሆኑ በማግስቱ የልጆቿን ቁርስ በምን አበሰለች? የሚጠይቅ የለም።

የሴኔጋሏ ደራሲ ማሪያማ ባ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይኛ ያሳተመችውን፣ በእኛ አፍ «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ ያነሣነው ለዚህ ነው። በ1980 የመጀመሪያውን የኖማ ሽልማት አገኘ፤ ደራሲዋ በዓመቱ ዐረፈች። ታሪኩ ሌሎቹ ከሚያበቁበት፣ ከቀብር፣ ይጀምራል።

ራማቱላይ የዳካር አስተማሪ፣ የ12 ልጆች እናት ናት። ባሏ ሞዱ በድንገት በልብ ሕመም ይሞትና፣ ሃይማኖቷ ያዘዘውን አራት ወር ከአሥር ቀን ሐዘን ተቀምጣ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች። ሦስተኛው፣ ስምንተኛው፣ አርባኛው ቀን እየተባለ ሲቆጠር የሰፈራችንን ድንኳን ያየን ይመስለናል። ታዲያ ሞቱ ሁለተኛው መከራ ነው። ከ25 ዓመት ትዳር በኋላ ሞዱ የገዛ ልጁን የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ቢንቱን፣ አግብቶ የቀድሞ ቤቱን እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር።

እኛን የያዘን ለቅሶው አይደለም። ሞዱ ከሄደ በኋላ ሴትዮዋ የመብራትና የውሃ ልትከፍል ወንዶች መሀል ብቻዋን የምትሰለፍባቸው፣ የተሰበረ ቁልፍ የምታስቀይርባቸው፣ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ የምትንከራተትባቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። ሲኒማ ብቻዋን ትገባለች፤ ሰው ዞሮ ያያታል፤ እሷ እንዳላየች ትቀመጣለች። አይሳቱ ፊያት 125 ስትገዛላት ደግሞ በዚያ ዕድሜዋ መንዳት ትማራለች። «ይኼ ምኑ ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ደራሲዋ ስለ ሴት ጽናት ሐተታ መደርደር ስትችል ወረፋውን መረጠች፤ ጎበዝ!

አርባው እንደወጣ የሟቹ ወንድም ታምሲር ኢማሙን ይዞ ሊያገባት ይመጣል። ሠላሳ ዓመት የታፈነው ድምፅ ያን ቀን ይወጣል፤ ሰውየውም ተዋርዶ ይሄዳል። ይህን እንቢታ መረዳት አያስቸግርም። የሚከብደው ለዳውዳ ዲየንግ የሰጠችው መልስ ነው። ዳውዳ ከልብ ይወዳታል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ሚስት አለው። በራሷ የደረሰውን በሌላይቱ ላይ አታደርገውም። የመጽሐፉ ጥልቅ ቦታ ይኼ ይመስለናል።

እንከን የለውም አንልም። ራማቱላይ የአይሳቱን የትዳር ታሪክ ለራሷ ለአይሳቱ ከሀ እስከ ፐ ትተርክላታለች፤ ጓደኛሞች እንዲህ አይጻጻፉም። ይህስ ምንም አይደል፤ ቅር ያሰኘን የቢንቱ ነገር ነው። ድህነት ያንገሸገሻት እናቷ ገፋፍታ ዳረቻት፤ ትምህርቷን አቋረጠች፤ እሷም በዚያው ቀን ባሏ ሞተባት። ራማቱላይ ደመወዝ አላት፣ ወዳጅ አላት፣ መኪና አላት። ቢንቱስ? ደራሲዋ አዝናላት አልፋለች እንጂ አላናገረቻትም። በዕድሜ ለእኛ የምትቀርበው ግን እሷ ናት።