እሾህን በእሾህ

መርዝ የተሰጠው ሕዋስ ሌላ መርዝ ሲጨመርበት ይብስበታል እንጂ ያገግማል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሲያትል ውስጥ፣ ዩኒየን ሐይቅ አጠገብ ባለው ፍሬድ ሃች የካንሰር ማዕከል የሉካስ ሱሊቫን ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢላይፍ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ግን ይህን ግምት ገለበጠው። ግኝቱ ይገርማል፤ እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የእጅ ሥራው ጥራት ነው።

ነገሩ የሚያጠነጥነው ሰክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ በአጭሩ ኤስዲኤች በሚባል ኢንዛይም ላይ ነው። በሚቶኮንድሪያ የውስጠኛ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል። በክሬብስ ዑደት ውስጥ ሰክሲኔትን ወደ ፉማሬት ይለውጣል፤ ከሰክሲኔቱ የነጠቀውን ኤሌክትሮን ደግሞ ለመተንፈሻ ሰንሰለቱ ያቀብላል። በሁለቱም ቦታ የሚያገለግል ሌላ ኢንዛይም የለም። አካሉ ከአራት ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት፣ ከቫይታሚን ቢ2 የሚሠራ ፍላቪን የተባለ ሞለኪውል ከአንደኛው ፕሮቲን ጋር በጠንካራ ትስስር ተጣብቋል። ከእሱ ቀጥሎ ሦስት የብረትና የድኝ ጥቅሎች ተደርድረዋል፦ የመጀመሪያው ሁለት፣ ሁለተኛው አራት፣ ሦስተኛው ሦስት የብረት አቶም ይዟል። ርቀታቸው አንድ ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ኤሌክትሮኑ ጅረት እንደሚሻገር ሰው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። ክፍተቱ ከ1.4 ናኖሜትር ቢያልፍ ዝላዩ እጅግ ይዘገይ ነበር። ማን ለክቶ አስቀመጣቸው ያሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ነገር ታወቀ። ፓራጋንግሊዮማ የተባለው፣ ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ከደም ሥር አጠገብ የሚወጣውና በዘር የሚተላለፈው ዕጢ ከአራቱ ፕሮቲኖች የአንዱ ዘረመል ሲበላሽ ይመጣል። እዚህ ላይ እንቆቅልሽ አለ። ኤስዲኤች ከሌለ ዑደቱ ይቆረጣል። ዑደቱ ሲቆረጥ አስፓርቴት የተባለው አሚኖ አሲድ ያጥራል፤ ያለ እሱ ደግሞ ሕዋሱ ዲኤንኤም ሆነ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ታዲያ ዕጢው በምን ያድጋል?

የሲያትሎቹ ተመራማሪዎች ኤስዲኤችን ሲያግዱት አስፓርቴት ወረደ፤ ሕዋሶቹም መባዛት አቃታቸው። የመተንፈሻ ሰንሰለቱ ሌላ ቦታ ላይ ሲታገድ ፓይሩቬትን የመሰለ ኤሌክትሮን ተቀባይ መጨመር ሕዋሱን ይታደገዋል። እዚህ ግን አልሠራም። ከዚያ ሮቴኖንን ጨመሩበት። ሮቴኖን የሰንሰለቱን የመጀመሪያ ክፍል፣ ኮምፕሌክስ አንድን፣ የሚዘጋ መርዝ ነው። የእኛ ሰው በስሙ ባያውቀውም በሥራው ያውቀዋል፤ ዓሣ አጥማጆች ፈጭተው ውኃ ላይ የሚበትኑት የብርብራ ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው። ዓሣን የሚያፍነው መርዝ ኤስዲኤች የታገደበትን ሕዋስ አስፓርቴት መለሰለት፤ ሕዋሱም እንደገና መባዛት ጀመረ።

ምክንያቱ ሲገለጥ ውበቱ ይጎላል። የኮምፕሌክስ አንድ ሥራ ኤሌክትሮን የተሸከመውን ኤንኤዲኤች አራግፎ ባዶውን ኤንኤዲ መመለስ ነው። ባዶው ሲበዛ ግሉታሚን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ በተለመደው መንገድ ይነዳና ከተዘጋው የኤስዲኤች በር ጋር ይላተማል። ኮምፕሌክስ አንድም ሲዘጋ በሚቶኮንድሪያው ውስጥ የተጫነው ኤንኤዲኤች ይበዛል፤ የተለመደው መንገድ ይቀዘቅዛል፤ ካርቦኑም ፊቱን ያዞራል። የአስፓርቴቱ ከፊል በፓይሩቬት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጨምሮበት ይመጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ግሉታሚን የኋሊት ተጉዞ ይገኛል። ሁለቱም መንገዶች ኤስዲኤችን ሳይነኩ አስፓርቴት ያደርሳሉ። ተመራማሪዎቹ ጥቅሙ የሚገኘው የሚቶኮንድሪያው የራሱ የኤንኤዲና የኤንኤዲኤች ሚዛን ሲለወጥ መሆኑን ለይተው አሳይተዋል። ብዙ ሰው «የሕዋሱ ኤንኤዲ» ብሎ በጅምላ ያልፈው ነበር።

ይኸው ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃኒሊያ የምርምር ማዕከል ባልደረቦች ጋር አንድ መሣሪያም አሳትሟል፦ አስፓርቴት ሲይዝ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን። ቀድሞ አስፓርቴትን ለመለካት ሕዋሱን ገድሎ ይዘቱን ማውጣት ግድ ነበር። አሁን ሕዋሱ በሕይወት እያለ፣ በየሰዓቱ፣ ብርሃኑ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ይታያል። ኒውክሊየሱ ደግሞ ቀይ እንዲያበራ ተደርጓል። አረንጓዴው ለቀዩ ሲካፈል፣ ሕዋሶቹ ስለበዙ ብቻ የመጣ ድምቀት አስፓርቴት ጨመረ ብሎ አያሳስትም። ትንሽ ጥንቃቄ ናት፤ እኔ ግን ባለሙያን የምለየው በእንዲህ ያለችው ነው።

የመጀመሪያው ጥናት በመርዝ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ «የላቦራቶሪ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም ነበር። እነሱ ግን የኤስዲኤችን ዘረመል ራሱን አጠፉና ጠበቁ። ቀስ በቀስ በርትተው የወጡት ኮምፕሌክስ አንዳቸው የተዳከመባቸው ሕዋሶች ሆኑ፤ መርዝ የሰጣቸው ሳይኖር። ከዚያ ነገሩን ገልብጠው ኤስዲኤችን መለሱላቸው። አሁን ደግሞ ኮምፕሌክስ አንድ የሚሠራላቸው ሕዋሶች ላቁ።