ጣት የሚያርፍበት ሒስ

የዲጂታል ሥዕል ሒስ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ሐያሲው ጣቱን የት እንዳሳረፈ ነው። «ደስ አላለኝም» ያለ ስሜቱን ነገረን፤ «ኮምፒውተሩ ነው የሣለው» ያለ ሥዕሉን ገና አላየም። «የጀበናው ጥላ ወደ መስኮቱ ዞሯል» ያለ ግን አይቷል።

ስለ ጀበናው ሲባል እዚያው ነበርኩ። አንዲት ወጣት ሠዓሊ እናቷን ቡና ስትቀዳ በታብሌት ሥላ ለወዳጆቿ አሳየች። ምስጋናው ጎረፈ። አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ ስለ ጥላው ከነገራት በኋላ «እስቲ ግራ ቀኙን ገልብጪው» አላት። ገለበጠችው። የእናትየው ትከሻ ተንጋዶ፣ ጀበናውም ከእጇ ሊወድቅ የደረሰ መስሎ ታየ። «አሁን ቀለሙን አጥፊው።» ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ፊቷና ከኋላዋ ያለው ግድግዳ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ተዋሃዱ። የብርሃኑን ድክመት ያ ሁሉ የቀለም ድምቀት ሸፍኖት ኖሯል። ሰውየው ብዕሩን አልነካም። ሳይጠየቁ በሰው ሥዕል ላይ ሥለው «እንዲህ ነው» የሚሉ ሞልተዋል፤ እኔ ግን የእሱን ቁጥብነት አከብራለሁ፤ ስሕተቱን በገዛ ዓይኗ እንድታገኘው አድርጓታልና።

አደባባይ የወጣ ሥራ ሲሆን ይህ ትዕግሥት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የጨረታ ቤቱ ክሪስቲስ የዲጂታል ሠዓሊውን የቢፕልን የ5,000 ዕለታዊ ሥዕሎች ስብስብ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ጭቅጭቁ ስለ ዋጋው ሆነ። ሐያሲው ቤን ዴቪስ ግን ምስሎቹን በሙሉ ተመለከታቸው። ፍርዱ መራራ ነበር፤ ቢሆንም የተነሣው ከሥዕሎቹ ነው። በ2022 ጄሰን አለን ሚድጆርኒ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የሠራው ምስል በኮሎራዶ ዐውደ ርእይ በዲጂታል ዘርፍ አንደኛ ሲወጣ ደግሞ «ማን ሠራው?» የሚል ቁጣ ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ያሻዋል። በምስሉ መካከል ያለው ትልቅ ክብ መስኮት ብርሃኑን በሰዎቹ ላይ እንዴት እንደሚያፈስ መጠየቅ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሠዓሊ ምላሽም ይመዘናል። «ስልቴ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ሥዕሉን በሙሉ እቃኛለሁ። በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ሲሣል ሠዓሊው ሌላውን ዓይን ረስቶት አይደለም፤ ስልት ምክንያት አለው፣ ይደጋገማልም። የተንጋደደ ትከሻ ግን አንዴ ብቻ ብቅ ካለ ስሕተት ነው።

ልጅቷ አልተሟገተችም፤ የተባለችውን ሁሉም አልተቀበለችም። ከሳምንት በኋላ ሥዕሉን ይዛ ስትመጣ ትከሻው ተቃንቷል፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ጥላውም ከመስኮቱ ርቋል። ሰውየው በዝቷል ያለውን የዕጣን ጭስ ግን አልቀነሰችውም። «እማዬን የማስታውሳት በጭሱ ውስጥ ነው» አለችው። እሱም ታብሌቱን ተቀብሎ ጭሱን ደግሞ ያይ ጀመር።