ብርዱ የማን ነው?

የኖርዌይ ተመራማሪዎች ልብስ ይፈልጉ እንደሆነ ፈረሶችን ራሳቸውን ጠየቋቸው። ሦስት ነጭ ሰሌዳ ተዘጋጀ። አግድም መስመር ያለበት «አልብሱኝ»፣ ቀጥ ያለ መስመር ያለበት «አውልቁልኝ»፣ ባዶው ደግሞ «እንዳለሁ ተዉኝ» ማለት ነው። 23 ፈረሶች የፈለጉትን በአፍንጫቸው እንዲነኩ በካሮት እየተባበሉ ሠለጠኑ፤ በሁለት ሳምንት ሁሉም ቻሉት። ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ልብስ የፈለገ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዝናብና ንፋስ ሲቀላቀሉ ግን ብዙዎቹ «አልብሱኝ» አሉ። አንዳንዶቹማ ነገሩ ሲገባቸው ገና አሠልጣኙን ሲያዩ እያሽካኩ ይሮጡ ጀመር።

ሰው ግን ሳይጠይቅ ያለብሳል። የሚፈርደው በራሱ ቆዳ ነውና፣ እሱ ካፖርት ከደረበ ፈረሱም የበረደው ይመስለዋል። ብርድ የለመደና በደንብ የበላ ጤነኛ ፈረስ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ሙቀቱን ለመጠበቅ የተለየ ጉልበት አያወጣም። ለስላሳ አየር የለመደው ግን 5 ዲግሪ ላይ መቸገር ይጀምራል።

ፈረስ ለብርድ የሚዘጋጀው ገና ቅዝቃዜው ሳይመጣ ነው። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ሰውነቱ አዲስ ጠጉር ያበቅላል። (ለውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ጋጣው ውስጥ በቀን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን እንዲኖር እያደረጉ ጠጉሩን ያዘገዩታል።) ብርድ ሲመታው ጠጉሩ ይቆማል፣ በመካከሉም አየር ይይዛል። ጀርባው ላይ በረዶ ተከምሮ ሳይቀልጥ የቆመ ፈረስ ሲያዩ የሚያዝኑ አሉ፤ ባልደራስ ግን ደስ ይለዋል፣ ሙቀቱ አላመለጠማ። ስስ ልብስ ይህንን ጠጉር አስተኝቶ አየሩን ሊያስወጣ፣ ፈረሱንም ከነበረበት ይልቅ ሊያስበርደው ይችላል። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ የረጠበ ጠጉር ይለጠፋል፣ አየርም አይይዝም።

የሳይቤሪያዋ የያኩቲያ ፈረሶች ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በሚብስ ቅዝቃዜ ውጭ ይውላሉ፣ ያድራሉ፤ በረዶውን በኮቴያቸው እየጫሩ ሣር ይግጣሉ። የባሌ ደጋ ፈረስም ውርጩን የሚያሳልፈው በራሱ ጠጉር ነው። በእኛ አገር ፈረስ የሚለብሰው ያጌጠ ግላስ ለክብር እንጂ ለብርድ አይደለም።

ምድጃው ሆዱ ውስጥ ነው። ድርቆሽ በትልቁ አንጀት ሲብላላ ሙቀት ይወጣዋል፤ ገብስና አጃ በዚህ አይወዳደሩትም። ብርዱ ፈረሱ ከሚችለው ወሰን በታች በወረደ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 2.5 በመቶ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ 10 ዲግሪ ከወረደ ሩብ ያህል ይጨመርለታል ማለት ነው። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ድርቆሹን ነው።

ታዲያ ልብሱ ለማን ነው? ለተሸለተው፣ ላረጀው፣ ለከሳው፣ ለታመመው፣ ዝናብና ንፋስ የሚያስጥል መጠለያ ለሌለው። ገበያ ላይ ልብሱ የሚለየው በካሬ ሜትር በሚይዘው ሙሌት ነው፤ ምንም ከሌለው፣ ዝናብ ብቻ ከሚከላከለው አንሥቶ እስከ 400 ግራም ይደርሳል። ወፍራሙ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። እጅን ከልብሱ ሥር አስገብቶ ትከሻውን መዳበስ ነው፤ እርጥብ ከሆነ አልቦታል፣ ልብሱ በዝቶበታል።

አልብሶ ለሳምንት መተው ትልቁ ስንፍና ነው። ልብሱ ክሳትን ይሸፍናል፤ የጎድን አጥንቱ ሲወጣ የሚያይ የለም። ትከሻና ደረትም ይላጣሉ። በየቀኑ ማውለቅ፣ ጎኑን በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። ሲያወልቁም መጀመሪያ የሚፈታው የኋላ እግሩ ማሰሪያ ነው፣ ቀጥሎ የሆዱ፣ በመጨረሻ የደረቱ። የደረቱ ቀድሞ ከተፈታ ልብሱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና እግሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የደነገጠ ፈረስ ደግሞ የሚረግጠው ማሰሪያውን ሊፈታ ያጎነበሰውን ሰው ነው።