መብራት ሲጠፋ የሚፈተን አኳሪየም

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባሉ ሆቴሎች መግቢያ፣ በገርጂ ክሊኒኮች የእንግዳ መቀበያ፣ በሰሚትና በአያት አፓርታማዎች ሳሎን አኳሪየም ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሰማያዊ መብራት፣ የፕላስቲክ ተክል፣ አረፋ እየተፋ የሚከፈትና የሚዘጋ ሣጥን አለው። እንግዳ ቆም ብሎ ያደንቃል፣ ልጅ ጣቱን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን ጌጡን አልፎ በቀጥታ የዓሦቹን ስንጥብ ያያል። ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ፣ አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ አሹለው አየር የሚቀላውጡ ከሆነ፣ ያ ገንዳ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው አልተሳካም።

ፈተናው የሚጀምረው ከከተማዋ ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ቦሌ ላይ ከ6 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ካርቶን ላይ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የታተመው ሒሳብ ለአዲስ አበባ አይበጅም። ጎበዝ ባለሙያ የዓሣውን ቁጥር ይቀንሳል፤ የውሃው ገጽም ያለማቋረጥ እንዲናወጥ ያደርጋል። ፀጥ ብሎ የተኛ ገጽ ፎቶ ላይ ቢያምርም ዓሣውን ያፍነዋል።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጋፒንና ቴትራን የመሳሰሉ የሞቃት አገር ዓሦች ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ያለ ሂተር አይሆንላቸውም። ቻይናውያን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲያራቡት የኖሩት ጎልድፊሽ ግን 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ደኅና ነው፤ ለአዲስ አበባ ሳሎን ከእርሱ የተሻለ ዓሣ ማግኘት ይከብዳል። ክብ ብርጭቆ ውስጥ እስካልታጎረ ድረስ ነው ታዲያ! ይህ ዓሣ በአግባቡ ከተያዘ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፣ ከአሥር ዓመት በላይም ይኖራል። ቆሻሻውም ብዙ ነው። በጠባብ ብርጭቆ ጎልድፊሽ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለተኛውን ዓሣ ለመሸጥ የተዘጋጀ ነጋዴ ነው።

የመብራቱ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ሂተሩ ይበርዳል። የአፓርታማው ጄኔሬተር ሊፍቱንና ኮሪደሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ዓሦቹ በጨለማ ይቀራሉ። 40 ሊትር ገንዳ ሌሊቱን ሳይጨርስ ይቀዘቅዛል፤ 300 ሊትሩ ግን ሙቀቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ በጎኖቹ ጋቢ ቢለብስ እስከ ጠዋት ይዘልቃል። ትልቅ ገንዳ ለጀማሪ ይከብዳል የሚባለው እዚህ ከተማ ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። ገዥ ሠሪውን «መብራት ቢጠፋስ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥሩ መልስ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕንና የስፖንጅ ፊልተርን ይጨምራል። ታሽጎ ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው ትልቁ ፊልተር ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅን አጥቶ ይበላሻል። መብራት ሲመጣ ያን የተበላሸ ውሃ መልሶ ገንዳው ውስጥ ይደፋዋል፤ ስለዚህ ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት ተከፍቶ መታጠብ ይኖርበታል። ይህን ሳይጠየቅ ለደንበኛው የሚነግር ሠሪ ሙያውን ያውቃል።

ወደዚህ አካባቢ የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚቀዳ ነው። ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ያው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት በዚህ በኩል ሳያውቀው ተጠቅሟል፤ ሮቶ ውስጥ ቀናት የሰነበተ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ተኖ ይጠፋል። በቀጥታ ከቧንቧ የሚቀዳ ሰው አፉ በሰፋ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድረው።

ንጹሕ የሚመስል ውሃ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ በዓይን አይታይም፣ ይገድላል። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ፊልተሩ ውስጥ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱ ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ። ጠዋት ገንዳ ተክሎ ከሰዓት ዓሣ የሚያስገባ ሠሪ ሥራውን አልጨረሰም። ስፖንጁን በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ አሽቶ የሚያጥብ ባለቤትም ባክቴሪያዎቹን በክሎሪን እየፈጀ ነው፤ ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው።

የመስታወቱ ሥራ ከቅርብ ይታያል። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ስፋትና 50 ቁመት ያለው ገንዳ 300 ሊትር፣ ማለትም 300 ኪሎ ውሃ ይይዛል፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመሩ ወደ 400 ይጠጋል። ለቴሌቪዥን የተሠራ ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም። የማዕዘኑን ሲሊኮን በሞባይል መብራት ቢያዩት ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ውስጡ ብርማ ነጠብጣብ ከታየ የታፈነ አየር ነው፣ ውሃው የሚፈስሰውም በዚያ በኩል ነው። ለሻወር ቤት የሚሸጠው ሻጋታ ተከላካይ ሲሊኮን ለዓሣ መርዝ ነው። ተራው ሲሊኮን እስኪደርቅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ሽታው ሳይጠፋ ውሃ መሙላት ችኮላ ነው።

ገንዳው ውስጥ የሚገባውን ድንጋይም አቼቶ ጠብ አድርጎ መፈተን ይቻላል። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ባሕርይ ይለውጣል። ለፊልተር ከሚሆኑት ሁሉ ርካሹ ደግሞ በየግንባታው ሥፍራ ተቆልሎ የሚታየው ሬድ አሽ ነው፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያ በደንብ ይሰፍርበታል። ጠርዙ ስለታም ነውና ፊልተር ውስጥ ይቅር፣ ወለል ላይ አይነጠፍ።

ገንዳ የሚያሠራ ሰው ሙሉ ሒሳቡን በመጀመሪያው ቀን አይክፈል። ግማሹን ገንዳው ውሃ ይዞ ሳያፈስ ሳምንት ሲሞላው፣ ቀሪውን ዓሦቹ ገብተው ወር ሲቆዩ ይክፈል። በዚህ ውል የማይስማማ ሠሪ ካጋጠመው ሌላ ይፈልግ።