የማርሽ አለዋወጥ መመዘኛ

የከባድ መኪና ሾፌር ሙያው በምን ይመዘናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው ስለ መሪ አያያዙ፣ ስለ ድፍረቱ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስንት ሰዓት ኮምቦልቻ እንደሚገባ ይናገራል፤ እኔ ግን በረዳትነት ታኮ ይዤ ከምሮጥበት ጊዜ አንሥቶ ጋቢና ውስጥ ካየሁትና ከሰማሁት የተነሣ፣ የነጂው ሙያ ገሃድ የሚወጣው ከአንዱ ማርሽ ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ገና ሳይገባ በሚቆይባት በዚያች አጭር ጸጥታ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ያችን ጸጥታ ለይቶ መስማት የቻለ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ባይኖረው እንኳ፣ ደኅናውን ሾፌር ከመናኛው ለመለየት ሌላ መምህር አያሻውም።

ጸጥታዋ ያለ ምክንያት የመጣች አይደለችም። በካምቢዮው ውስጥ ከሞተር ኃይል የሚቀበለውና ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ጥርሳም ብረት በየራሱ ፍጥነት ይዞራልና፣ ሁለቱ ካልተስማሙ በቀር ጥርስ ከጥርስ በሰላም አይጋጠምም፤ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ረገብ እስኪል መታገሥ ያስፈልጋል፤ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ በደቂቃ 1,000 ዙር ይዞር የነበረው ሞተር በአዲሱ ማርሽ ምናልባት 1,400 ዙር ይጠበቅበታል። ስለዚህ የቀድሞው ሾፌር ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ወደ ዜሮ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ነዳጅ በልክ ይሰጣል፣ እንደ ገና ረግጦ ያስገባል፤ ይህም ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ያልቃል። ልኩን የሚነግረው ጆሮው ነው። ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ምልክቱን በዓይኑ ቢያጠናውም፣ መሪጌታው ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚያሳርፍ በጆሮው ካልተቀበለ ዜማው እንደማይቀናው ሁሉ፣ ጀማሪ ሾፌርም የማርሹን ሥዕል ከዘንጉ ራስ ላይ አንብቦ ቢያውቀው፣ የሞተሩን ዜማ እስኪለምድ ድረስ ገና አልተማረም።

በዛሬዎቹ እንደ ትራከርና እንደ ሲኖትራክ ባሉት መኪናዎች ውስጥ ፍጥነትን የሚያስማማ ቀለበት ስላለ፣ በቀድሞው መኪና በኤንትሬ ዘመን መንገደኛውን ሁሉ ያስበረግግ የነበረው የጥርስ መፋጨት ብዙም አይሰማም፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ወጣቶች ማርሹ ካልጮኸ ሥራው የተዋጣ ይመስላቸዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቀለበቱ ጥፋታቸውን ይሸፍንላቸዋል እንጂ አያስተሠርይላቸውም፤ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እየተበላ ይሄድና፣ አንድ ቀን በዳገት መካከል ማርሹ አልገባም ይላል። እንግዲህ መዛኙ የካምቢዮውን ዝምታ ብቻ አምኖ መቀመጥ የለበትም፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይላክ። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከሆነ፣ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን በለቀቀ ቁጥር ከማያያዣው ብረት «ቋ» የሚል ድምፅ ይመጣ እንደ ሆነ ያዳምጥ። ያ ድምፅ፣ ሞተሩና ጎማው ሳይስማሙ በግድ እንደ ተጋጠሙ፣ ድንጋጤውም እስከ ተሳቢው ድረስ እንደ ተላለፈ የሚመሰክር ነውና፣ እኔ ከመስካሪዎች ሁሉ አስበልጬ የማምነው እርሱን ነው።

ስለ እጅና ስለ እግር ብዙ አልናገርም፤ እጁን ሥራ ሳይኖረው ማርሹ ላይ ጭኖ የሚሄድ በካምቢዮው ውስጥ ያለውን መግፊያ ሹካ ይበላዋል፣ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ የሚያሳርፍም ዲስኩን ያቃጥላል፤ የዲስክ ሽታ ደግሞ የማያውቀው የለም።

ፈተናው የሚጸናው ጣርማ በር ላይ ነው። ከደብረ ሲና እዚያ ወዳለው ዋሻ የሚወጣ ጭነት ያለበት መኪና፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ከፍታ ሲቃረብ አየሩ በባሕር ጠረፍ ከነበረው በሩብ ያህል ይሳሳልና፣ በተለይም ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሹ ይከዳዋል። ብልኁ ሾፌር ሞተሩ እስኪያቃስት አይጠብቅም፤ ዳገቱ ገና በዓይኑ ሳለ ማርሹን ይቀንሳል። የዘገየው ግን ፍሪሲዮኑን በረገጠባት ቅጽበት ፍጥነቱ ሁሉ ከእጁ ያመልጥና፣ ማርሹ እንቢ ብሎት በመካከል ይቆማል፤ ያን ጊዜ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል። እኔ እንዲህ የዘለልሁባቸውን ቀኖች አልረሳቸውም።

ቁልቁለቱ ከዚህም ይከፋል። ወደ ዓባይ ከጎሐ ጽዮን በኩል የሚወርድ ሰው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚሄድበትን ማርሽ የሚመርጠው አፋፉ ላይ ነው እንጂ ከወረደ በኋላ አይደለም፤ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ወይም ከዚያ በሚያንሰው መውረድ የቀድሞ ሰዎች የጸና ሥርዐት ነበረ፣ ዛሬም የሚሻር አይደለም። ነዳጅ ቈጠብሁ ብሎ በዜሮ የሚለቅ ሾፌር ግን፣ በቀረው ሥራው ሁሉ የተመሰገነ ቢሆን፣ በእኔ መዝገብ ስሙ ከሾፌር አይቈጠርም። መኪናው አንድ ጊዜ ከሮጠ ማርሹን መልሶ ማስገባት አይቻልምና፣ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል መያዙን ይተዋል። የቈጠበ የመሰለውን ነዳጅ እንኳ በዘመኑ ሞተር አይቈጥበውም፤ በማርሽ ላይ ሆኖ እግሩን ያነሣ እንደ ሆነ ፓምፑ ነዳጁን ያቋርጣል፣ በዜሮ ሲሄድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ያቃጥላል።

እኔን ያስተማሩኝ ሾፌር በዓሰብ መንገድ ያረጁ፣ ቃል የማያበዙ ሰው ነበሩ። መሪውን ባስረከቡኝ በመጀመሪያው ቀን «እኔ እተኛለሁ» ብለው ራሳቸውን ከጎን መስተዋቱ ላይ አስደገፉ። ማርሽ በቀነስሁ ቁጥር ራሳቸው ከመስተዋቱ ጋር ይጋጭ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ራሳቸውን ቀና አድርገው መልሰው እዚያው ላይ ያኖሩታል። «ጋሼ፣ ልቁም?» ብላቸው «ንዳ» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡኝም።

ሌላ ጊዜ ቡና ጭነን ወደ ዓሰብ ስንወርድ፣ ጣርማ በር ጭጋግ ለብሶ አገኘነው። ከዋሻው ሳልወጣ ማርሹን አወጣሁ፣ በዜሮ ላይ ሆኜ ነዳጅ ሰጠሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ወደምፈልገው ሲደርስ ሦስተኛውን አስገባሁ፤ እጄ ምንም አልተሰማውም። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ የተሳቢውን ብረት ጠበቅሁ፣ ዝም አለ። በግራና በቀኝ ገደሉ በጭጋግ ተሸፍኖ ሳለ፣ ሞተሩ ጭነቱን ይዞ እያጉረመረመ ቁልቁል መውረድ ጀመርን። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ ጕልበታቸው ሰደዱና ጋቢያቸውን ስበው እስከ አገጫቸው ተከናነቡ።