ሙኒክ በቴሌቪዥን መስኮት

የ1972 (እ.ኤ.አ.) የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲነሣ ለእኛ ቀድሞ ትዝ የሚለን የማሞ ወልዴ የማራቶን ነሐስ ነው። ከዚያ ሩጫ አምስት ቀን አስቀድሞ ግን «ጥቁር መስከረም» የተባለው የፍልስጤማውያን ቡድን ታጣቂዎች ኦሊምፒክ መንደር ገብተው እስራኤላውያንን አገቱ፤ 11 እስራኤላውያን ሞቱ።

በ2024 የወጣው የቲም ፌልባም ፊልም፣ «ሴፕቴምበር 5»፣ ይህን ቀን የሚያሳየን ከአሜሪካው ኤቢሲ የስፖርት ስርጭት ክፍል ሆኖ ነው። ካሜራው ከዚያ እምብዛም አይወጣም። የፊልሙ ጥንካሬም ድክመትም ከዚሁ ይመነጫል።

ፖሊሶች ጣራ ላይ ሲወጡ በቀጥታ ይተላለፋል፤ አጋቾቹም ያንኑ ያያሉ። ታጋቾቹ ተፈቱ የሚለው የሐሰት ወሬ በወጉ ሳይጣራ ሲነገር፣ የመቅደም ጥድፊያ ምን እንደሚያስከትል ይገባናል። ሟቾቹ ግን በመስኮቱ የሚያልፉ ጥላዎች ሆነው ቀርተዋል። ፊልሙ ጋዜጠኞቹን የሚወቅስበትን ጥፋት ራሱም ደገመው።