ስለ ግዴታ መድን ዝቅተኛ ልክ፤ በአሜሪካ የመኪና መድን ሕጎች ላይ የቀረበ ሒስ

የአንድን ሕግ ዋጋ ለመመዘን የምንሻ እንደ ሆነ አስቀድመን መጠየቅ የሚገባን «ይህ ሕግ የሚጠብቀው ማንን ነው?» ብለን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት በነዋሪዎቻቸው ላይ የጣሉትን የመኪና መድን ግዴታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተንና በአጎራባቾቿ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱም መካከል ታክሲ እየነዱ የሚተዳደሩ ስላሉ፣ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ስለ አገራችን ከምንጠቅሰው በቀር የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በዚያች አገር መድንን በባለ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛት ማሳቹሴትስ ናት፤ ሕጓም በ1927 ዓ.ም. ይሠራበት ጀመር። ኒውዮርክ በ1956፣ ሰሜን ካሮላይና በ1957 ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነበር፤ ይኸውም ባለ መኪናው ሰው ገጭቶ ሳለ የሚከፍለው ገንዘብ ቢያጣ፣ ተጐጂው ፍርድ ቤት ረትቶ እንኳ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። እንግዲህ ሕጉ በመሠረቱ የተጐጂው ጋሻ ነው ማለት ነው።

ዳሩ ግን የዛሬዎቹን ሕጎች ስናነብ ጥብቅነታቸው ያለ ቦታው ሆኖ እናገኘዋለን። ወደ ቨርጂኒያ የሚገባ አዲስ ነዋሪ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ መንጃ ፈቃዱንም በ60 ቀን ውስጥ ማውጣት አለበት። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለመኪናው 20 ቀን፣ ለመንጃ ፈቃዱ 10 ቀን ብቻ ትሰጣለች። ቀን በመቍጠር ረገድ ሕጉ አይታማም። የተጐጂውን ኪሣራ በመቍጠር ረገድ ግን እጅግ ቸልተኛ ነው።

ለማስረጃ ያህል ካሊፎርኒያን እንመልከት። ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መድን በ1967 ዓ.ም. 15,000 ዶላር ተብሎ ተወሰነ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን የኑሮ ዋጋ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሲጨምር ያ ቍጥር እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ሳይነቃነቅ ቈየ። በ2025 መጀመሪያ ወደ 30,000 ከፍ ቢልም የጠፋውን አልመለሰም። ሕግ አውጪው ሕጉን ሳይሽር፣ ዝም በማለት ብቻ፣ ጋሻውን ከተጐጂው ክንድ ቀስ በቀስ ወሰደው ብንል አልተሳሳትንም።

ልዩነቱ በፖቶማክ ወንዝ ግራና ቀኝ ይበልጥ ይታያል። ዝቅተኛው ልክ ለአንድ ሰው ጉዳት በዋሽንግተን 25,000፣ በሜሪላንድ 30,000፣ በቨርጂኒያም ከ2025 ጀምሮ 50,000 ዶላር ነው። አንድ እግረኛ ተገጭቶ 60,000 ዶላር ለሕክምና ወጣበት እንበል። ገጪው መኪና የዚያው አደጋው የደረሰበት ግዛት ሆኖ ዝቅተኛውን መድን ብቻ የያዘ ቢሆን፣ ከመድን የማይገኘው ገንዘብ በዋሽንግተን 35,000፣ በሜሪላንድ 30,000፣ በቨርጂኒያ 10,000 ይሆናል። የተሰበረው አጥንት አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሦስት ነው። በርግጥ ተጐጂው ቀሪውን ከነጂው ላይ በፍርድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ዝቅተኛውን መድን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መግዛት ያልቻለው ስለሆነ፣ ፍርዱ ከወረቀት አያልፍም።

ተቃዋሚዎች «ልኩ ከፍ ቢል አረቦኑም ይወደዳል፤ ድኻውም ያለ መድን ይነዳል» ይላሉ። ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ሆኖም ካሊፎርኒያ በ1999 ዓ.ም. ዐቅም ለሌላቸው ነጂዎች ርካሽ መድን ስታቋቁም ለአንድ ሰው ጉዳት የመደበችው 10,000 ዶላር ብቻ ነበር። ነጂው ተረዳ፤ የእርዳታውን ዋጋ የከፈለው ግን ያልተማከረው እግረኛ ነው። ቨርጂኒያም እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ 500 ዶላር ለመንግሥት የከፈለ ሰው ያለ መድን እንዲነዳ ትፈቅድ ነበር። ያ ገንዘብ ለተጐጂው አንዲት ሳንቲም አይከፍልለትም ነበርና፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ መቅረቱ ተገቢ ነው እንላለን።

ባጭሩ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የመድኑ ልክ በየተወሰነው ዓመት ከኑሮ ዋጋ ጋራ እየታየ እንዲታደስ በራሱ በሕጉ ውስጥ ይጻፍ። ድኻው ነጂ መረዳት ሲኖርበት ደግሞ፣ የሚቀነሰው አረቦኑ እንጂ የተጐጂው ካሣ አይሁን፤ ልዩነቱንም ሕዝብ በጠቅላላው ይሸከመው።

በአገራችንም የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 559 ግዴታ ሆኖ፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 799 ተተክቷል። የሕግ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ እንዲህ ያለውን አዋጅ ስናነብ «ግዴታ ነው ወይ?» ብለን ብቻ ማለፍ አይገባንም። «ዛሬ በዚህ ገንዘብ የአንድ ሰው እግር ይጠገናል ወይ?» ብለንም ልንጠይቅ ይገባናል።